ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ቴሌቪዥን ጠጋኝ ደንበኛውን «ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። ደንበኛ ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ባላመጣው ነበር። የጠጋኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ድምፅ አለው?» የሚል ነው። ድምፅ ካለው፣ ኃይል የሚያቀብለው ክፍል ይሠራል፤ ጣቢያ የሚይዘው ክፍል ይሠራል፤ በአየር የተላከው ነገር ሣጥኑ ውስጥ ገብቷል። የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። በዚያች አንዲት ጥያቄ የፍለጋው ግማሽ ያልቃል።

የዚህ ታሪክ አባት ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ይህን ጥያቄ ለ14 ዓመት ሲጠይቅ ኖሯል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሰሞን የቀለም ስርጭት ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ጠጋኝ ካቻቢቴ እያቀበለ ሙያ የሚማር ወጣት ነበር። ከዚያ ዘመን ሁለት ልማዶች አብረውት ቀርተዋል። አንደኛው ደብተር ነው። ሱቁ የገባውን ቴሌቪዥን ሁሉ ሕመም በአጭር ቃል ይመዘግብ ነበር፦ «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም»፤ «ምስል አለ፣ ይንሸራተታል»፤ «ሁለቱም የለም፣ ጢስ ይሸታል»። ሁለተኛው ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ማድረግ ነው። የድሮ የቀለም ቴሌቪዥን ቱቦ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሸከማል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ያንን ኃይል ይዞ ይቆያል። ሁለቱም እጆች ሣጥኑ ውስጥ ከገቡ ኤሌክትሪኩ ካንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በደረት በኩል፣ በልብ አጠገብ ነው። አንዱ እጅ ኪስ ከገባ ያ መንገድ ይዘጋል። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አምፖል ሲቀይር እንኳ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

ሱቁን የዘጋው በ1989 ዓ.ም. ዲቪ ሲደርሰው ነው። ሙያውን ግን ይዞ መሻገር አልቻለም። በመጣበት አገር የተበላሸ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ አይሄድም፤ መንገድ ዳር ይወጣና ቆሻሻ የሚሰበስበውን መኪና ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንዲህ የተጣሉትን አንድ ሁለቱን አንሥቶ አድኗቸው ነበር፤ የሚገዛቸው ግን አላገኘም። ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሥራ ጀመረ፤ እዚያው ቆየ።

በነዚያ ዓመታት ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ በካሴት ነበር። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልኩም በደቂቃ የሚቆጠር እሳት ነበር። ስለዚህ እናቱ ከካሴት ማጫወቻ ፊት ትቀመጥና ትናገራለች፤ ካሴቱ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ተጠቅልሎ በመንገደኛ እጅ ይመጣል። ሰላምታው ብቻውን አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የጓሮው ጌሾ እንዴት እንደሆነ፣ የጎረቤቷ ዶሮ ምን እንዳደረገች ትነግረዋለች። አንዳንዴ ዝም ትልና ከውጭ የሚያልፍ መኪና ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ይሰማል። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 ካሴት ተጠራቀመ።

እናቱ ካረፈች ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። የተረፉት ሦስት ፎቶግራፎች ናቸው። ልጇ የሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ በቪዲዮ አልተቀረጸችም።

ባለፈው ክረምት አባትየውና 19 ዓመት የሞላት ልጁ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገለበጡ። ያገለገለ ማጫወቻ ገዙ፤ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ እስከ ኮምፒውተሩ ቀጭን ሽቦ ዘረጉ፤ እያንዳንዱ ካሴት ሁለት ገጽ ስላለው 22 ፋይል ሆነ። ሥራው በጊዜ ደረሰ እንጂ የሁለቱ ካሴቶች ክር ከተገለበጠ በኋላ ተበጠሰ፤ የማጫወቻውም ጎማ ለቀቀ። ልጅቱ «አባዬ፣ በሌላ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ እናስቀምጥ» ብላ ነበር። እሱም «እናስቀምጣለን» ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ እንዴት እንደሚረሳ የታወቀ ነው።

ኮምፒውተሩን የሠራችው ራሷ ናት፤ ከዚህም ከዚያም በለቀመቻቸው ያገለገሉ ዕቃዎች። የጫነችበት ሊኑክስ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሺህ እጆች የሚሠሩት፣ ገንዘብ የማይከፈልበት ሥርዓት። አባትየው ይህን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነጻ ነገር ሲበላሽ ማንን ይጠይቁታል?» ዓይኑ እየደከመ ስለሄደ ግን ፊደሉ ጎላ ብሎ እንዲታየው ባለ 27 ኢንች፣ 4ኬ የሚሉትን ሞኒተር ከአንድ ሰው ገዝታ ስታመጣለት አልተቃወመም። ፋይሎቹንም ራሱ በፊደል ሰየማቸው፦ «01 የጥምቀት ሰሞን»፣ «02 ስለ ቤቱ ጣሪያ»፣ «03 የእህትህ ነገር»።

የሰባት ዓመቱ መታሰቢያ እሁድ ነው። ታላቅ እህቱ ከፍራንክፈርት ቅዳሜ ትገባለች። ካሴቶቹ የተላኩት ለእሱ ስለነበር የእናቷን ድምፅ በእነዚያ ካሴቶች ሰምታ አታውቅም። እሁድ ከጸሎቱ በኋላ ሁሉም ቁጭ ብለው ሊሰሙ ነበር የታሰበው።

ሐሙስ ማታ አባትየው ከሥራ ተመልሶ ኮምፒውተሩን አበራ። መጀመሪያ የማዘርቦርዱ ዓርማ ታየ። ቀጥሎ ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት የሚመጣው የምርጫ ዝርዝር ታየ። ከዚያ ማያው ጠቆረ። አንዲት ትንሽ ሣጥን «ምልክት የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዛ ወዲያ ወዲህ ተንሸራሸረች፤ እሷም ጠፋች። ሦስት ጊዜ አጠፋው፤ ሦስት ጊዜ አበራው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ልጅቱን ሲጠራት ፊቷ ተለወጠ። ረቡዕ እኩለ ሌሊት አልጋዋ ላይ ሆና፣ በትምህርት ቤት ላፕቶፗ በኩል ወደዚህ ኮምፒውተር ገብታ አፕዴት አድርጋው ነበር። ኤስኤስኤች በሚሉት መንገድ ከአንዱ ኮምፒውተር ሌላውን በጽሑፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ማያውን ማየት አያስፈልግም። አዲስ ከርነል ወረደ፤ ማሽኑን ዳግም አስነሣችው፤ ተኛች። ሳሎን ወጥታ ማያውን አላየችም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ነጻ ነገር አልኩሽ እኮ» አለ። ወዲያው ደግሞ ባላልኩ አለ፤ ግን ወጥቷል።

ከርነል የሥርዓቱ ልብ ነው። ስክሪን ካርዱን፣ ዲስኩን፣ ቁልፎቹን የሚያዝዘው እሱ ነው። ከአፕዴት በኋላ የጠቆረ ማያ በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ በሽታ ነው፤ ከርነሉ ተለውጦ የስክሪን ካርዱ ድራይቨር ከአዲሱ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ይደርሳል። ልጅቱ ይህን ስለምታውቅ ሌላ ተጠርጣሪ አልፈለገችም። ከመሳቢያዋ ሊኑክስ የሚጫንበትን ፍላሽ አወጣች። ሁሉንም አጥፍታ እንደ አዲስ ልትጭነው ነው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ማያውም ይመለሳል።

«ፋይሎቹስ?»

መልስ አልሰጠችም። እጇ ላይ ያለው ፍላሽ ይንቀጠቀጣል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ጥፋቱን ቶሎ ለመሸፈን ሲሮጥ ነው ትልቁን ጥፋት የሚያጠፋው። ጥቁሩ ማያ እስካሁን አንዲት ፋይል አልነካም፤ ያ ፍላሽ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ በተሳሳተ ቁልፍ ከመለሰችለት 22ቱንም በአንዴ ይጠርጋቸዋል።

አባትየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ግራ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ድምፅ አለው?» አላት።

አልገባትም። እንደገና ጠየቃት። ሞቷል ወይስ አለሁ ማለት አቅቶት ነው? ሞኒተሩ የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከእሱ በፊት ምንጭ አለ፣ መንገድ አለ። ማያ ጠቆረ ማለት ከሦስቱ አንዱ ዝም አለ ማለት እንጂ ሁሉም ሞቱ ማለት አይደለም። ሱቁ ውስጥ ሰው እያለቀሰ ያመጣው ቴሌቪዥን ስንቴ አንዲት ሽቦ ተነቅላ እንደተገኘች ነገራት።

ልጅቱ ፍላሹን አስቀመጠች። ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ካፕስ ሎክን ተጫነች፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች። ደግማ ተጫነች፤ ጠፋች። ኮምፒውተር ደርቆ ከቆመ ያቺ መብራት አትታዘዝም። ማሽኑ ይሰማል።

ላፕቶፗን አመጣችና በኤስኤስኤች ገባች። ገባላት። ፋይሎቹ ያሉበትን ክፍል እንዲዘረዝር አዘዘችው፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ 22 መስመር በፊደል ወረደ። አባትየው አገሩን ለቆ በወጣበት ዓመት የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገና ቦታ አልነበረውም፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሁን ልጁ ማንበብ የማትችለው ፊደል፣ እሱ ማንበብ በማይችለው ትእዛዝ ሥር ተደርድሯል።

«የትኛው ነው?» አለችው።

«ሰባት ቁጥርን ክፈቺ።»

ቁጥሩን ጻፈች፤ የቀረውን ስም ማሽኑ ራሱ ሞላላት። ድምፅ ማጉያዎቹ ከሞኒተሩ ጋር ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጀርባ በራሳቸው ቀዳዳ የተሰኩ ናቸው። መጀመሪያ የካሴት ሹሽታ ተሰማ። ቀጥሎ የሆነ ነገር ጠረጴዛ ላይ ተንኳኳ። ከዚያ ከጥቁሩ ማያ ፊት፣ ክፍሉ ውስጥ፣ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

«ይዞራል እንዴ ይሄ ነገር? … ልጄ፣ ይሰማሃል?»

አባትየው ዝም አለ። ልጅቱ አያቷን በአካል ያየቻት በስድስት ዓመቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ሰላምታው እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አባትየው «በቃ፣ ዝጊው» አለ፤ «እሁድ ነው።»

ፋይሎቹ ደህና እንደሆኑ ሲታወቅ የክፍሉ አየር ተለወጠ። ቀሪው ሥራ የጥገና ሥራ ብቻ ሆነ። ጥገና ደግሞ ለአባትየው እረፍት ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ተከልክሎት የቆየ እረፍት።

ልጅቱ ኮንትሮልን፣ አልትንና ኤፍ3ን አብራ ተጫነች። ይህ ዴስክቶፑን ወደ ጎን ትቶ ባዶውን የጽሑፍ ማያ የሚያመጣ መንገድ ነው፤ ችግሩ የዴስክቶፑ ብቻ ቢሆን ጽሑፉ ይታይ ነበር። አልታየም። ማሽኑን ዳግም አስነሥታ በምርጫው ዝርዝር ላይ በማስነሻው መስመር ጫፍ «ኖሞድሴት» የምትል ቃል ጨመረች፤ ትርጉሟ «የማያውን ልክ አንተ አትወስን፣ እንዳገኘኸው ተጠቀም» እንደማለት ነው። ምስል መጣ። ደብዛዛና ዝግ ያለ፣ ፊደሉ የተለጠጠ፣ ግን ምስል።

«ይኸው! ድራይቨሩ ነው፤ አፕዴቱ ነው» አለች። ሲያዩዋት ጥፋቷ በመረጋገጡ ደስ ያላት ትመስላለች።

«ቆይ» አለ አባትየው። «ይሄ ማስረጃ ለስንት ተጠርጣሪ ይሆናል?»

ሱቁ ውስጥ የተማረው ትልቁ ነገር ይህ ነበር። አንድ ሙከራ ግምትህን ስላልተቃወመ ብቻ አረጋገጠልህ ማለት አይደለም። ሌላ ግምት ተቀምጦ ያው ሙከራ ያንንም ካልተቃወመው ገና አላወቅህም። ስለዚህ አፕዴቱን ብቻውን የሚከስስ ወይም ነጻ የሚያወጣ ሙከራ ጠየቃት። አሰበችና አገኘችው። ሊኑክስ አዲስ ከርነል ሲጭን አሮጌውን ወዲያው አይጥለውም፤ በምርጫው ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጠዋል። የእሷ ስክሪን ካርድ ድራይቨር ደግሞ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ዓይነት ነው። አሮጌውን ከርነል ማስነሣት ማለት ማክሰኞ ማታ በደህና ሲሠራ የነበረውን ከነድራይቨሩ መመለስ ማለት ነው።

አሮጌውን መረጠች። ዓርማው ታየ፤ ዝርዝሩ ታየ፤ ማያው ጠቆረ።

ልጅቱ ማያውን ትኩር ብላ አየችው። ማክሰኞ የሠራ ነገር ሐሙስ አልሠራም። አፕዴቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አሮጌውን ከርነል ሊያበላሽ አይችልም። ረቡዕ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ።

«የሚታየውና የማይታየው ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለ አባትየው።

ይህን መመለስ ትችላለች። የመነሻው ዝርዝር የሚሣለው በዝቅተኛ ጥራት ነው፤ 1024 በ768፣ ከ800 ሺህ የማይበልጥ ነጥብ። ከርነሉ ሥልጣኑን ሲረከብ ግን ሞኒተሩን ጠይቆ ወደ ሙሉ አቅሙ ይወስደዋል፤ 3840 በ2160፣ ይህም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው፤ በየሰከንዱ ደግሞ 60 ጊዜ ይታደሳል። በሰከንድ ወደ 500 ሚሊዮን ነጥብ፤ በኬብሉ ውስጥ የሚሮጠው ከ10 ቢሊዮን ቢት በላይ። አባትየው በአገር ቤት ያጠናቸውን ቁጥሮች አስታወሰ፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል፣ 50 ኸርዝ። አንገቱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ይተዋወቃሉ?»

ጥያቄው ከምትጠብቀው በላይ ጥሩ ነበር። እያንዳንዱ ሞኒተር ራሱን የሚያስተዋውቅባት ትንሽ መዝገብ አለችው፤ ኢዲአይዲ ይሏታል፤ የመጀመሪያዋ ክፍል 128 ባይት ብቻ ናት። ማን እንደሠራው፣ ምን ያህል ጥራት እንደሚችል፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ መታደስ እንደሚችል ይጻፍባታል። በኤችዲኤምአይ ኬብል ጫፍ ካሉት 19 ነጥቦች ሁለቱ ይህችን መዝገብ በዝግታ የሚያመላልሱ ናቸው፤ ምስሉ ግን የሚሮጠው በሌሎች ጥንድ ሽቦዎች ነው። ከላፕቶፗ ሆና ከርነሉን ጠየቀችው። ሞኒተሩ ተሰክቷል ይላል። መዝገቡም ሙሉውን ተነቧል። ኮምፒውተሩ ምስል እየላከ እንደሆነ ያምናል። ሞኒተሩ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ የአሮጌ ሥርዓት ጥቅም መጣ። ኤክስ የሚባለው የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት ኤምአይቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጠን፣ ፕሮግራሙ በአንድ ማሽን፣ ማያው በሌላ ማሽን ሊሆን እንደሚችል ታስቦ ነው። ማያ የቤቱ ባለቤት ሳይሆን እንግዳ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ይቻላል። ልጅቱ ከላፕቶፗ ኤክስራንድአር በሚባለው ትእዛዝ ያንኑ ጥራት እንዲጠብቅ፣ ነገር ግን በሰከንድ 60 ጊዜ መታደሱን ትቶ በ30 እንዲሄድ አዘዘችው።

ማያው በራ። ጥርት ያለ፣ ሙሉ፣ ምንም ያልጎደለው። ወደ 60 መለሰችው፤ ጠቆረ። ወደ 30፤ በራ።

አባትየው ከወንበሩ ተነሣ። «ቀስ ብሎ የሄደው ሁሉ ይደርሳል፤ የሮጠው ይወድቃል» አለ። «ምንጩ ደህና ነው። ተቀባዩ ደህና ነው። መንገዱ ነው።»

በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ግራ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። የስልኩን መብራት አበራ። የሞኒተሩ ኬብል በጠረጴዛው ጠርዝና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ፣ እንደታጠፈ ወረቀት ለሁለት ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው መቼ ተጠጋ?»

ከጠረጴዛው ሥር መልስ አልመጣም። ቆይቶ መጣ።

«ረቡዕ ጠዋት። ለእትዬ አልጋ ቦታ እንዲሆን ብዬ።»

ነገሩ ይህ ነበር። በአንድ ቀን ሁለት ለውጥ ተደርጓል፤ አንዱን እሷ፣ ሌላውን እሱ። እሷ የራሷን ታውቃለች፤ ትእዛዝ ጽፋ፣ ቁልፍ ተጭና ያደረገችው ስለሆነ ለውጥ መሆኑን አልተጠራጠረችም። እሱ የራሱን ለውጥ ብሎ አልቆጠረውም፤ ጠረጴዛ ማስጠጋት የቤት ሥራ ነው እንጂ ኮምፒውተር መንካት አይደለም። ደንበኛን «ምን አደረግህ?» ሲሉት «ምንም» እንደሚል፣ ምንም ማለቱም ውሸት እንዳልሆነ ለ14 ዓመት ሲያየው ኖሯል። በዚህ ቀን ደንበኛው እሱ ሆነ።

ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ኬብል ነቅለው አመጡ። ሰኩት። 60። ማያው አልጨለመም። ልጅቱ በደስታ ልትነሣ ስትል አባትየው ያዛት። ጥገና የሚያልቀው ሕመሙ ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ጠግነኸው ስታበቃ ሕመሙን እንደገና መጥራት ስትችል ነው። የተጨፈለቀውን መልሰው ሰኩ፤ ጠቆረ። ደህናውን ሰኩ፤ በራ። አሁን አለቀ።

አባትየው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ያደገበት ቤትም አባት ልጁን ይቅርታ የሚጠይቅበት ቤት አልነበረም። ወደ ማዕድ ቤት ሄደ። ማሰሮው ሲጣድ ተሰማ። ሻዩን ቅርንፉድ አብዝቶበት፣ እሷ እንደምትወደው አድርጎ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ።

«አንቺ አይደለሽም ያበላሸሽው» አለ። ትንሽ ቆየና «ነጻው ነገርም አይደለም» ብሎ ጨመረ።

ሌሊቱ ሳይነጋ 22ቱ ፋይሎች በሁለት ዲስኮች ላይ ተገለበጡ፤ አንደኛው ከእህትየው ጋር ወደ ፍራንክፈርት የሚሄድ ነው። ልጅቱ የትምህርት ቤት ደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ከፍታ አባቷን ቃል እያስነገረች፣ በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ ጻፈች፦ ሐሙስ። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ምክንያት፦ ጠረጴዛ። አባትየው ተቀበላትና ከሥሩ በፊደል ደገመው፤ አንዱን ከሌላው እያስተያየች እንድታነበው።

እሁድ ከጸሎቱ በኋላ ዘመድ ጎረቤቱ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰበ። እህትየው ነጠላዋን አስተካክላ ከትልቁ ማያ ፊት ያለውን ወንበር ያዘች፤ ዓይኗን ከማያው አላነሣችም። ማያው ላይ የሚታየው የፋይል ስም ብቻ ነው፦ «03 የእህትህ ነገር»።

«ምስል የለውም?» አለች።

«የለውም፣ እትዬ። ድምፅ ብቻ ነው።»

እሷም ዓይኗን ጨፈነች፤ ልጅቱም ቁልፉን ተጫነች።